ባዶ ግድግዳ ለምትወደው አባቴ

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ አልጻፍኩልህም። ሰው ለሞተ አባቱ ሲጽፍ እንባው ወረቀቱን እያረጠበው ይመስለኝ ነበር፤ እኔ ግን ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ተናድጄብህ ነው። ከአንተ በቀር የምቆጣው ሰው አጣሁ። እማዬን እንዳልቆጣት አሳዘነችኝ፣ ባሌን ይርጋን እንዳልቆጣው ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ብቸና ያሉ ጎረቤቶቻችን «ይቺ ልጅ አባቷን አንተ ትላለች» ብለው ሲታዘቡኝ «እኔው ነኝ አንተ በይኝ ያልኳት፤ እናንተን ምን አገባችሁ?» ብለህ ዝም ያሰኘህልኝ ራስህ ነህ። እንግዲያው አንተ እያልኩ ልናገርህ። አንተም እንደ ልማድህ መነጽርህን ወደ ግንባርህ ገፍተህ ስማኝ።

የሞጣው ቤት አልቋል። አንተ ያየኸው መሠረቱን ብቻ ነበር። ያን ቀን ጃንጥላህን መሬት ላይ ተክለህ፣ ሳሎን ይሆናል ያልንህ ቦታ ላይ ቆመህ፣ «ማስተዋል፣ መስኮቱን ወደ ምሥራቅ አድርጊው፤ የጠዋት ብርሃን ቀለምን እንዳለ ያሳያል» አልከኝ። አናጢው ግን መስኮቱን በመንገዱ በኩል አወጣው። አንተ ከሞትክ በኋላ፣ ይርጋ እየለመነኝ፣ አናጢው እያጉረመረመ፣ ግድግዳውን አስፈርሼ ወደ ምሥራቅ አስዞርኩት። ያልከውን ፈጸምኩልህ ብዬ አለቀስኩ ሁሉ። አሁን በዚያ በኩል ምን አለ መሰለህ? ወፍጮ ቤት! ቤቱ ባለቀ በሦስተኛው ወር ተከፈተ። የጠዋት ብርሃንህ ከነዱቄቱ ነው የሚገባው። መስኮቱን ስከፍት ሶፋው ይነጣል፣ ስዘጋው ቤቱ ይጨልማል፣ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ እኔና ይርጋ የምንነጋገረው በምልክት ነው።

ይሄ ግን ትንሹ ነው።

ጥፋቱ የጀመረው ደብረ ወርቅ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ቤተ ክርስቲያን ይዘኸኝ ሄድክ። ሰው ሁሉ ተሳልሞ ሲያልፍ አንተ እጄን ይዘህ ሥዕሉ ፊት አቆምከኝ። «ቀዩን ተመልከቺ። የት የት ነው ያለው?» አልከኝ። «ሁሉም ቦታ» አልኩህ። «ደግመሽ እዪ።» ደግሜ ሳይ ሦስት ቦታ ብቻ ነው። «ሠዓሊው ቦታውን ስላወቀበት ነው ሁሉም ቦታ ያለ የመሰለሽ» አልከኝ። ስንመለስ በእግራችን ትንሽ ሄድን፤ ከፊታችን የምትሄደውን ሴት ቀሚስ እያሳየኸኝ «ነጩ ሰፊ ባይሆን ኖሮ ይሄን ጥለት ማን ያየው ነበር?» አልከኝ። ትምህርት ቤት ውስጥ ሥነ ውበት ያስተማርካቸው ልጆች ደወል ሲደወል ረስተውት ይወጣሉ። እኔን ግን መኝታ ቤት ድረስ እየተከተልክ ነው ያስተማርከኝ።

ከዚያ በኋላ ሰው ቤት ገብቼ እንደ ሰው መቀመጥ አቃተኝ። የሥራ ባልደረቦቼ አዲሱን ጂፕሰም ኮርኒሳቸውን ሊያሳዩኝ ወደ ላይ ሲጠቁሙ እኔ ወደ መሬት አያለሁ። የቡፌው መስታወት፣ የፕላስቲክ አበባው፣ በሬ የሚያክለው ሶፋ፣ ግድግዳ የሚሞላው የፏፏቴ ፖስተር፣ ሁሉም ያመኛል። ሰዎቹ ደስ ብሏቸው ይኖራሉ፤ የምታመመው እኔ። አባቴ ነው ያስተማረኝ ብዬ እንዳልናገር፣ ባዮሎጂ የምታስተምር ሰው ምን አግብቷት ይሉኛል።

የራሴን ቤት ማስጌጥ ስጀምር ኢንተርኔት በመጣ ቁጥር የቤት ፎቶ አወርድ ነበር። የጃፓን ክፍል፣ የሞሮኮ ግቢ፣ በረዶ አገር ያለ የእንጨት ቤት። ስልኬ ሞልቶ የተማሪዎቼን ፈተና ማስቀመጫ አጣ። እያንዳንዱን እያየሁ «አባዬ ይሄን ምን ይለዋል?» እላለሁ። ያንተን ፊት ሳስብ ግማሹን አጠፋዋለሁ። በመጨረሻ ሁሉንም ትቼ ወደዚያች ሴት ቀሚስ ተመለስኩ። ሳሎኑ ሙሉ ነጭ ይሁን፤ ከሥሩ፣ ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ፣ እንደ ጥለት ቀጭን መስመር ይዙረው፤ ቀይ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ትንሽ ቢጫ። ግድግዳው ላይ ሌላ ምንም አይሰቀልም። እውነቱን ልንገርህና፣ ሐሳቡ ሲመጣልኝ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ነበር፤ ጠመኔውን ይዤ ለብቻዬ ሳቅሁ።

ቀለም ቀቢው አቶ ምናለ ግን አልሳቀም። ሁለት ጊዜ ዙሮ አይቶ «መምህርት፣ ቀለሙ አልበቃ ብሎሽ ነው?» አለኝ። መስመሩን ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። ቀዩን ከአዲስ አበባ አስመጥቼ፣ መንገድ ተዘግቶ መኪናው ደጀን ላይ ሁለት ሳምንት ቆመ። መንገዱ ተከፍቶ ሲደርስ፣ ቆርቆሮውን ስንከፍተው የሸክላ ድስት ቀለም ነው። እንደገና አስመጣሁ። በዚያ መሀል ይርጋ፣ ጠዋት ወጥቶ ቀኑን ሙሉ ገበሬ ሲያማክር የሚውል ሰው፣ ማታ የሚገባው ግማሹ ነጭ ግማሹ ጭቃ ወደሆነ ቤት ነው።

ታውቀዋለህ፣ ይርጋ ብዙ አይጠይቅም። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሳሎኑ ጂፕሰም ኮርኒስ እንዲሆን፣ ጠርዙ ላይ ትናንሽ መብራት ያለው። አለቃው ቤት አይቶ ወዶት ነው። እምቢ አልኩት። ለምን ሲለኝ አንተ የምትለውን አልኩት። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ። በመጨረሻ እጁን ኪሱ ከቶ «ማስቴ፣ ከሞተ ሰው ጋር እንዴት ነው የምከራከረው? አንቺን ብረታሽ እሳቸውን አልረታቸውም» ብሎኝ ወጣ። ያን ጊዜ ተናደድኩበት። አሁን ግን ልክ ነበረ እላለሁ።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ እማዬን ጉልበቷን አመማትና ከእኛ ጋር እንድትከርም አመጣናት። ቤቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የምታየው ያን ቀን ነው። ሳሎኑ አልቋል፤ አራት ወር ሙሉ የደከምኩበት ሳሎን። ነጠላዋን እያስተካከለች ገባች፤ ግድግዳውን አየች፤ መስመሩን አየች፤ ኮርኒሱን አየች። ከዚያ ተቀመጠችና በጣም በጥንቃቄ «ልጄ፣ ዕቃው መቼ ነው የሚገባው?» አለችኝ።

«ገብቷል እማዬ። አልቋል።»

«እህ… ይባረክ፣ ይባረክ» አለች። ይርጋ ሳል እንደያዘው ሰው አፉን ሸፍኖ ወጣ። ውጭ ሲስቅ ሰማሁት።

ለእሷ ክፍል አንሶላና መጋረጃ ልንገዛ አቶ ሰይድ ሱቅ ሄድን። አቶ ሰይድ ከአያቱ ጀምሮ ሞጣ ላይ ጨርቅ የሚነግድ ሰው ነው፤ ደንበኛውን አያጣድፍም። እኔ ነጭ ፈልግልኝ ብዬው ጨርቅ ሲያወርድ፣ እማዬ አንድ መጋረጃ ፊት ቆማለች። የጨርቁ መደብ የሚያብረቀርቅ፣ ሳህን ሳህን የሚያካክል ጽጌረዳ የፈሰሰበት፣ ጠርዙ ወርቃማ ክር ያለው። በጣቷ አበባውን እየተከተለች ዙሪያውን ትዳስሳለች። «እማዬ፣ ይሄ ዓይን ይወጋል። ቤቱን ያጨናንቀዋል» አልኳት።

እጇን ወዲያው ሰበሰበች። «እውነትሽን ነው» አለች።

አባዬ፣ ይቺ ሴት ወጥ ጨው በዛበት ስላት ግማሽ ቀን የምትከራከረኝ ሴት ናት። ያን ያህል ቶሎ እሺ ማለቷ ገረመኝ፤ ግን አልፌው ነጩን ከፍዬ ወጣሁ። አቶ ሰይድ እሷን እንጂ እኔን እንዳላየኝ ትዝ ይለኛል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የጎረቤታችን የእትዬ አልጋነሽ ወንድም አርፎ እኔና እማዬ ለልቅሶ ብቸና ሄድን። እትዬ አልጋነሽ ቤት ሰዉ ዙሪያውን ተቀምጧል። ዓይኔ እንደ ልማዱ ግድግዳ ግድግዳውን ሲዞር ቴሌቪዥኑ ላይ ያረፈ ዳንቴል አየሁ። ነጭ ነው፤ ጠርዙን ብቻ ትናንሽ አረንጓዴ ቅጠሎች ይዞሩታል። ደገምኩና አየሁት። አንድም ቅጠል ያለቦታው የለም። ሲሸኙን እትዬ አልጋነሽን «ይሄን ዳንቴል ማን ሠራልሽ?» ብላት «ምን ማለትሽ ነው? የእናትሽ እጅ አይደል እንዴ!» አለችኝ። ከዚያ ወደ ሰፈራችን መሪጌታ ቤት ጎራ አልን፤ የጠረጴዛው ልብስ የእማዬ ነው። የትምህርት ቤትህ ዘበኛ ቤት፣ ራዲዮው ላይ፣ የእማዬ። በየቤቱ ባለቤቶቹ እየጠቆሙ ነገሩኝ፤ እማዬ ነጠላዋን እየጎተተች «ተዉ ባካችሁ» ትላቸዋለች።

አባዬ፣ ሰፈራችን ውስጥ የእማዬ እጅ ሥራ የሌለበት ቤት የእኛ ቤት ብቻ ነበር።

ኪሮሿን ይዛ ስትሠራ አይቻታለሁ፤ ልጅ ሆኜ በየቀኑ። የሠራችው የት እንደሚሄድ ግን አንድ ቀን አልጠየቅሁም። በፌስታል ተጠቅልሎ በር ይወጣ ነበር።

ወደ ሞጣ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ በመስኮቱ በኩል አስቀመጥኳት። ብቸናን ለቀን ትንሽ እንደሄድን «ለምን የእኛ ቤት አንድ እንኳን አላደረግሽም?» አልኳት።

«አባትሽ አይወድም ነበራ።»

«ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?»

ያን ጊዜ ነገረችኝ። ስትጋቡ ከገበያው ጀርባ የተከራያችኋትን አንዲት ክፍል፣ የመጀመሪያ ቤታችሁን። እማዬ ከሠርጓ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ የጠለፈችው ጨርቅ ነበራት፤ ሁለት ወፎች ያሉበት፣ ክንፋቸው ሰማያዊና ብርቱካናማ። ከአልጋው በላይ ሰቀለችው። በሳምንቱ ከገበያ ስትመለስ ግድግዳው ባዶ ነው። ወፎቹ በሥርዓት ተጣጥፈው ፍራሽ ሥር ተቀምጠዋል። «ግድግዳው ይተንፍስ እንጂ፣ አታጨናንቂው» ብለህ ሳቅክባት።

«አልተቆጣኝም እኮ» አለችኝ እማዬ። «ቢቆጣኝ መልስ አላጣም ነበር። ሳቀ።»

ደብረ ወርቅን እያለፍን ነበር። እሷ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞራ ተሳለመች። እኔ መሳለሙንም ረሳሁት። ምነው በሕይወት ኖረህ ፊትህ ቆሜ በጮህኩብህ! አንተ ደብዛዛ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሦስት ቦታ ያለ ቀይ ለቅመህ የምታሳይ ሰው፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ከገዛ ደጅህ በፌስታል እየወጣ የሄደውን አላየኸውም? ወይስ አይተኸዋል? የቱ እንደሚብስ አላውቅም። እትዬ አልጋነሽ ቤት ስንት ጊዜ ተቀምጠህ ዜና ሰምተሃል? ያ ዳንቴል ፊትህ ነበር እኮ። ደግሞ የሚያናድደኝ፣ ጥሩ ሥራ ነው! አንተ ራስህ «ቦታውን ያወቀ እጅ» የምትለው ዓይነት ነው።

ከዚያ አቶ ሰይድ ሱቅ ያልኩት ትዝ አለኝ። «ያጨናንቀዋል» ነው ያልኩት፤ ያንተው ቃል። አንተ ተቀብረህ እኔ አፍህ ሆኜ ቀርቻለሁ። እስከ ሞጣ ከፊቴ ያለው ወንበር ላይ ግንባሬን ደፍቼ ሄድኩ፤ እማዬ መኪናው ያመመኝ መሰላት።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት በቀጥታ አቶ ሰይድ ዘንድ ሄድኩ። ያ ጽጌረዳ ያለበት መጋረጃ ከተሰቀለበት የለም። ተሸጠ ብዬ ልመለስ ስል፣ ከሥር ተጣጥፎ የተቀመጠ አወጣልኝ። «እማማ ዓይናቸው ቀርቶበት ነበር። ይመለሳሉ ብዬ አነሳሁት» አለኝ። ጨርቅ ነጋዴው ያየውን ልጇ አላየሁም።

ይዤላት ስገባ የምትደሰት መስሎኝ ነበር። «መልሺው» አለችኝ። «ቤትሽን አላበላሽም።» ቤቱ የሷም እንደሆነ ነገርኳት። «መልሺው አልኩሽ እኮ!» ተጣላን። እኔ አለቀስኩ፣ እሷ ጉልበቷን ያዘች። በማግስቱ ይርጋ፣ ማንንም ሳያማክር፣ አቶ ምናለን ይዞት መጣና የእሷ ክፍል በር ላይ አቆመው። «እማማ፣ ቀቢው ሥራ አለው፣ ይቸኩላል። ይሄ ክፍል ምን ቀለም ይሁን ይላል» አላት።

እማዬ አላሰበችም። አንዲት ትንፋሽ እንኳን አልቆየችም። «ሮዝ። ደማቁን ሳይሆን፣ እንደ ኮክ አበባ ያለውን» አለች። ከዚያ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ይርጋ ወደ እኔ አየ። ለስንት ዓመት አዘጋጅታው እንደኖረች ለሁለታችንም ገባን።

አሁን ክፍሏ ሮዝ ነው። አቶ ምናለ እንደዚያ ፊቱ ፈክቶ ሲቀባ አይቼው አላውቅም። ጽጌረዳው መስኮቱ ላይ ተንጣሏል፤ አልጋው ላይ፣ ወንበሩ ላይ፣ የመድኃኒቷ ሳጥን ላይ ሳይቀር ዳንቴል አለ። በሩን ስከፍት አሁንም ዓይኔ ይወጋል። ልዋሽህ አልችልም። ቆንጆ ነው ብዬ እንድጽፍልህ አትጠብቅ።

ደግሞ በዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ዳንቴሉ ከክፍሏ ወጣ። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ቀጥሎ ፍሪጁ ላይ፤ ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስመለስ የውኃ ማጣሪያው ቀሚስ ለብሷል። «እማዬ፣ ሳሎኑን ለእኔ ተዪልኝ» ስላት «አዎ፣ አዎ» ትላለች፤ በማግስቱ ሌላ አለ። ይርጋም የልብ ልብ ተሰምቶት የጂፕሰም ሠሪ ይዞ መጥቶ ኮርኒሱን አስለክቷል። እሺ ብዬዋለሁ፤ መብራቱ ቀለም የሚቀያይር እንዳይሆን ብቻ ለምኜው። ጥለቴን ግን ማንም አይነካብኝም። አንድ ቀን እማዬ መስመሩ ላይ የፕላስቲክ አበባ ልታስጠጋ ስትል እንደ አንበሳ ነው የተነሳሁባት። ሳቀችና መለሰችው። እሷ ስትስቅብኝ ቢያንስ መልስ እሰጣታለሁ።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ፤ ከሁሉ ይበልጥ ግራ ያጋባኝን። ባለፈው እሑድ በሩ ክፍት ሆኖ ሳታየኝ አየኋት። ጠረጴዛው ላይ ክቧን ዳንቴል አስቀምጣ፣ አንድ ጣት ወደ ግራ ሳበች። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ራሷን ዘንበል አድርጋ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና አየች። ተመልሳ ግማሽ ጣት ወደ ቀኝ ገፋች። አባዬ፣ ያ ያንተ አቋቋም ነው! ሥዕል ስታይ የምትቆመው፤ አንዱን ዓይን ጨፍነህ። ካንተ ትማረው፣ ካንተ በፊት ይኑራት፣ ወይስ አንተ ከእሷ ወስደኸው ይሁን አላውቅም። ልጠይቅህ ፈለግሁና የለህም። ያን ጊዜ ነው ቁጣዬ ሁሉ ወርዶ በር ላይ እንደቆምኩ ያለቀስኩት። እርሳሴን በምላጭ ስትቀርጽልኝ፣ የእርማት ወረቀት ጀርባ ላይ ዶሮ ስለህ ከደብተሬ መሀል ስታስቀምጥልኝ፣ አስረኛ ክፍል ውጤቴ ሲበላሽ ምንም ሳትናገር የቀለም ሳጥን ገዝተህልኝ ስትገባ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። በጣም ናፈቅከኝ። ግን አሁንም ተናድጄብሃለሁ። ሁለቱ አብረው እንደሚኖሩ አላውቅም ነበር።

ትናንት እማዬ ፎቶህን ጠየቀችኝ። አስተማሪ ሆነህ በነጭ ሸሚዝ የተነሳኸውን ሰጠኋት። ይርጋን አስከትላ ፎቶ ቤት ሄደች፤ ወርቅ የተቀባ፣ በአራቱም ማዕዘን አበባ የተቀረጸበት ፍሬም ራሷ መርጣ መጣች። እኔ ቀጭን ጥቁር ነበር የምመርጥልህ፤ አልተጠየቅሁም። አልጋዋ ትይዩ፣ ሮዙ ግድግዳ ላይ ሚስማር አስመታች።

«እማዬ፣ እሱ ይሄን ክፍል የሚወደው ይመስልሻል?» አልኳት።

ፍሬሙን በነጠላዋ ጫፍ እየወለወለች «አይወደውም» አለች። «ቢሆንም ይየው።»

እኔም አንተን የማስታውስህ እንደዚሁ ነው፣ አባዬ። ተዝካርህ ላይ ስለ አንተ የተነገረው ሁሉ እውነት ነው፤ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናገረዋለሁ። ልጅ ከወለድኩ ደብረ ወርቅ ወስጄ ቀዩ የት የት እንዳለ አሳየዋለሁ። ግን ከገበያው ጀርባ ስለነበረችው ክፍልና ስለ ሁለቱ ወፎችም እነግረዋለሁ፤ አንዱን ትቼ ሌላውን አልነግረውም። እስከዚያው ከእማዬ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ናችሁ፤ ግድግዳው ላይ ሆነህ ደህና አድርገህ ተመልከት።

ልጅህ ማስተዋል
ሞጣ